የአትጠገብ ልብ ቆጣሪ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን ከከፈታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለችው አንዲት ብስክሌት ናት። እሷም ባሕር ዳር ከተማ፣ ዘንባባዎቹ በተሰለፉበት መንገድ ዳር፣ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

የብስክሌቷ ባለቤት አትጠገብ ትባላለች። አትጠገብ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ተነሥቶ ከንፈሯ ላይ ሳይደርስ የሚጠፋባት ልጅ ናት። ዳቦ ቤት ገብታ «ሁለት ዳቦ» ስትል ሻጩ «ምን አልሽ?» ይላታል። ስትደግመው «ኧ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ በጣቷ ትጠቁመዋለች፤ ሁለቱም ይገላገላሉ። ብስክሌት ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ችግሯም ይኸው ነው። አምና በቤዛዊት ኮረብታ ውድድር ላይ ገና ከዳገቱ ሥር እንደ ተባረረች ፍየል ተፈተለከች። ዳገቱ መሀል ላይ ልቧ ከበሮ ሆነ፤ እግሯ ውኃ ሆነ። ብስክሌቷን እየገፋች፣ አንገቷን ደፍታ፣ በእግሯ መድረሻው ላይ ደረሰች። የሰፈሩ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ «እግረኛዋ ብስክሌተኛ» ይሏታል።

ዘንድሮ አሰልጣኟ አቶ ዘለቀ ቁርጡን ነገሯት።

«የልብሽን ምት እያየሽ ነው የምትወጪው። ከመቶ ሰባ ሲያልፍ ቀስ ትያለሽ፤ ሲወርድ ትጨምሪያለሽ። የምታዪበት ነገር ከሌለሽ አትወዳደሪም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክለቡ ድረስ መጥተሽ አሳዪኝ።»

ይህን ያሉት ዛሬ ነው። ውድድሩ ነገ ነው።

በጣት መቁጠርማ አሰልጣኙ አስተምረዋታል፤ ታውቅበታለች። ችግሩ ዳገት ላይ አይሆንም። ባለፈው ሳምንት ኮረብታውን እየወጣች ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ መቁጠር ጀመረች። ገና ሃያ ሳትሞላ ሸንኮራ አገዳ ተሸክሞ ከሚወርድ ሰውዬ ጋር ተላተመች። ሰውዬው አገዳውን እየለቀመ «ልጄ፣ ምን ቢያናድድሽ ነው ራስሽን የምታንቂው?» አላት እንጂ አልተቆጣም።

እንግዲህ የአትጠገብ ፍላጎት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ የብስክሌቷ መሪ ላይ የምትታሰር፣ ልብ የምትቆጥር ኮምፒውተር። ብሩን አባቷ ሰጥተዋታል። የዚህ ተረት ችግር ብር አይደለም።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ አንዳርጌ ሦስት ኮምፒውተሮች መስታወቱ ላይ ደረደሩላት።

«ይቺ ትልቋ ካርታ አላት» አሉ። «ጎንደር ብትሄጂ ‹ጎንደር ነሽ› ትልሻለች። ይቺ ደግሞ ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ሙቀቱን፣ ሰውነትሽ ያቃጠለውን ምግብ ሁሉ ትነግርሻለች። ይቺ ትንሿ...» ብለው በትምህርት የሰነፈ ልጃቸውን እንደሚያዩ አዩዋት። «ይቺ ፍጥነትና ልብ ብቻ ነው የምታውቀው። ሦስቱም ደረት ላይ ከሚታሰር ማሰሪያ ጋር ነው የሚሠሩት። ልቡን የሚሰማው ማሰሪያው ነው፤ ኮምፒውተሯ የሰማውን ታሳያለች።»

አትጠገብ ዓይኗ ትልቋ ላይ ቀረ። «የትኛዋ ትሻለኛለች?»

«ምን አልሽ?»

«የትኛዋ...»

«ኧ?»

በጣቷ ጠቆመች።

«እሱማ በወሬ አይመረጥም» አሉ ጋሽ አንዳርጌ። «ታስሪያለሽ፣ ልብሽን ታያለሽ፣ ከዚያ ትመርጫለሽ። ሳይሞከር ከዚህ ቤት ዕቃ አይወጣም። አንድ ጊዜ ሳልሞክር የብስክሌት መብራት ሸጥኩ፤ ለካ ቀን ቀን ብቻ ነው የሚበራው። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ያቋርጣል። ችግሩ ግን የማሰሪያው ባትሪ ሞቷል። ሂጂና ከጎረቤቴ ከሰዓት ሠሪው ከጋሽ ነጋልኝ ክብ ባትሪ ይዘሽ ነይ። ያን ጊዜ ትሞክሪያለሽ።»

አትጠገብ ወደ ጎን ሄደች። ጋሽ ነጋልኝ በተከፈቱ ሰዓቶች መሀል አገጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። «ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም። ያለ ባትሪ አይሞከርም።»

«ጮክ በይ የኔ ልጅ፤ እዚህ የሚንሾካሾክ ሰዓት ብቻ ነው።»

ደገመችው። ጋሽ ነጋልኝ ከመሳቢያቸው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ክብ ባትሪዎች እንደ ምስር ተበትነዋል። አንዱን አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁ፤ እንደገና አስጠጉ።

«ቁጥሩ ከላዩ ተጽፏል» አሉ። «ግን መነጽር ከሌለኝ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።»

«እኔ ላንብብልዎት?»

«በሰው ዓይን አልሠራም። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ አነበበልኝ፤ የገጠምኩት የግድግዳ ሰዓት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። መነጽሩን አምጪልኝ፤ ባትሪውን እሰጥሻለሁ።»

«መነጽሩ የት ነው?»

«ልብስ ሰፊዋ ጋ፣ እትዬ ጥሩዓለም ጋ።»

እዚህ ላይ ስለዚያ መንገድ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የዚያ ረድፍ ነጋዴዎች ሁሉ ያላቸው መነጽር አንድ ብቻ ነው። ማን እንደገዛው የሚያስታውስ የለም። አንዱ እጁ በገመድ ተቋጥሯል። ለሁሉም ዓይን እኩል ይሆናል፣ ወይም ለማንም አይሆንም፤ ብቻ ተለምዷል። ሕጉም አንድ ነው፤ መነጽሩን ያደረገ ሰው የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ አያወልቅም። አንድ ክረምት ሥጋ ሻጩ መነጽሩን አድርጎ ሂሳብ ጀመረና እስኪጨርስ ድረስ መንገዱ ሁሉ በዳበሳ ሠራ።

እትዬ ጥሩዓለም መነጽሩን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ረጅም ቀይ ጨርቅ ተዘርግቷል።

«እትዬ፣ ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም» አለች አትጠገብ። «ያለ ባትሪ አይሞከርም። ባትሪው ያለ መነጽር አይለይም።»

«ምን?»

አትጠገብ አየር ስባ፣ ድምፅዋን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋ ደገመችው። እትዬ ጥሩዓለም ከመነጽሩ በላይ አዩዋት።

«አንቺ ያቺ አምና በእግርሽ የደረስሽው አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ይኸውልሽ፣ ይሄ የነገው የመድረሻ ጨርቅ ነው። ይሄ ካልተሰፋ ነገ ሁላችሁም ስትጋልቡ ትውላላችሁ እንጂ የትም አትደርሱም። ሳይሰፋ መነጽሩ አይወልቅም፤ የመንገዱን ሕግ ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ይስፉታ።»

«በምን? የመኪናው ጠፍር ተበጥሷል። እግሬ ይረግጣል፣ መንኮራኩሩ አይዞርም። ሂጂና ከጎሚስታው ከይበልጣል ጠፍር የሚሆን ላስቲክ አስቆርጠሽልኝ ነይ። ጠፍር ስታመጪ እሰፋለሁ፤ ስጨርስ አወልቃለሁ።»

ጎሚስታው ይበልጣል እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው፤ ጥርሱ ብቻ ነጭ። አትጠገብን ሲያይ ወደ ብስክሌቷ ጎማ አየ።

«ፈነዳ?»

«አይ። ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም። ያለ ባትሪ አይሞከርም። ባትሪው ያለ መነጽር አይለይም። መነጽሩ ጨርቁ ሳያልቅ አይወልቅም። ጨርቁ ያለ ጠፍር አይሰፋም።»

«ቆይ ቆይ፤ ከየት ነው የጀመርሽው?»

ከመጀመሪያው ጀመረችለት። በዚህ መሀል አንድ ሊስትሮና ሎሚ የምትሸጥ ሴት ቆመው መስማት ጀመሩ። አትጠገብ ጆሮዋ ጋለ፤ ግን ጀምራዋለችና ጨረሰችው።

«ጠፍር ላንቺ ይጠፋል እንዴ» አለ ይበልጣል። «የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ሳጥን ሙሉ አለኝ። ሳጥኑ ያውልሽ።»

ሳጥኑ ያውና። ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ ክዳኑ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ክዳኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ በክሪክ ተነሥታ ቆማለች።

«ጎማዋን ጠዋት ሠርቼ መልሻለሁ» አለ ይበልጣል። «ማውረድ ነው የቀረኝ። ክሪኩ ደግሞ ያለ ዘንጉ አይወርድም። ዘንጉን ፈንታነሽ ወሰደችው፤ ጭማቂ ቤቷ ያውልሽ ከመንገዱ ማዶ። የሸራ ጥላዋ ምሰሶ ሲሰበር ‹ለአንድ አፍታ› ብላ ዘንጉን ከሥሩ ሰካችው። ዘንጉን አምጪ፤ ባጃጇን አወርዳለሁ፤ ላስቲኩን እቆርጥልሻለሁ።»

«በእጅ ብንገፋትስ?»

«አንቺና እኔ?» አላት። እሷን አየ፤ ባጃጇን አየ፤ እንደገና እሷን አየ። «ሂጂ ዘንጉን አምጪ።»

አትጠገብ መንገዱን ተሻገረች። ፀሐይዋ ከዘንባባዎቹ አናት ወርዳ ግንዱ ላይ ደርሳለች። ፈንታነሽ አቮካዶ እየላጠች ነው። የሸራው ጥላ ከደጃፏ ላይ ተዘርግቷል፤ አንደኛው ጥጉ በብረት ዘንግ ተደግፏል፤ ከሥሩ አንድ ወጣት ብቻውን ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው ስፕሪስ ከመቆየቱ የተነሣ ማንጎው ከአቮካዶው ጋር ተቀላቅሎ አንድ ቀለም ሆኗል።

«እህት ፈንታነሽ» አለች አትጠገብ። «ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም። ያለ ባትሪ አይሞከርም። ባትሪው ያለ መነጽር አይለይም። መነጽሩ ጨርቁ ሳያልቅ አይወልቅም። ጨርቁ ያለ ጠፍር አይሰፋም። ጠፍሩ ያለ ላስቲክ አይቆረጥም። ላስቲኩ ባጃጁ ሳይወርድ አይወጣም። ባጃጁ ያለ ዘንግ አይወርድም።»

ፈንታነሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንቺ፣ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልሽው?»

«አላውቅም።»

«ጎበዝ። ዘንጉን ውሰጂ፤ እኔ ምን ገዶኝ። ግን ስነቅለው ሸራው ይወርዳል፤ ሸራው ሲወርድ ይሄ ሰው ራስ ላይ ነው የሚያርፈው። እሱ ይነሣ እንጂ እኔ አሁኑኑ ነቅዬ እሰጥሻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ‹ተነሥ› ብለው አልሰማ ብሎኛል። አይጠጣ፣ አይሄድ። ሌላ ደንበኛ እንኳ ሲመጣ ‹እዚህ የታመመ አለ› ብሎ ያባርርብኛል።»

ሰውዬው ገደፋው ነው፤ የሰማያዊዋ ባጃጅ ሹፌር። ጎማው እስኪሠራ ብሎ ጠዋት እንደተቀመጠ አሁንም እዚያው ነው። አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል።

«ገደፋው» አለች አትጠገብ። ከኋላዋ ሊስትሮው፣ ሎሚ ሻጯና ሌላ ማን እንደሆነ የማታውቀው ሰው ተከትለዋት መጥተዋል። «ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም። ያለ ባትሪ አይሞከርም። ባትሪው ያለ መነጽር አይለይም።»

«መነጽሩ ጨርቁ ሳያልቅ አይወልቅም» አለ ሊስትሮው።

«ጨርቁ ያለ ጠፍር አይሰፋም» አለች ሎሚ ሻጯ።

«ጠፍሩ ያለ ላስቲክ አይቆረጥም» አለች አትጠገብ። «ላስቲኩ ባጃጁ ሳይወርድ አይወጣም። ባጃጁ ያለ ዘንግ አይወርድም። ዘንጉ አንተ ሳትነሣ አይነቀልም። እባክህ ተነሥልኝ።»

ገደፋው ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። «አልችልም እህቴ።»

«ለምን?»

«ልቤ ታሟል።» ይህን ያለው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ አትጠገብ ራሷ ጎንበስ ብላ ነው የሰማችው። «ከጠዋት ጀምሮ ድንገት ድው ድው ይልና ይቆማል። ደግሞ ድው ድው ይላል። አጎቴ እንደዚህ ሲለው ተነሣና እዚያው ወደቀ። እኔ ከተነሣሁ አልቆልኛል። ልቤን ቆጥሮ ‹ደህና ነህ› የሚለኝ ነገር ካመጣሽልኝ እነሣለሁ። ልቤ ሳይቆጠር ግን አልነሣም።»

አትጠገብ ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሐሳቧ ከዚህኛው ጫፍ ይዛ ቆጠረችው። ገደፋው ልቡ ሳይቆጠር አይነሣም። ልብ ያለ ልብ ቆጣሪ አይቆጠርም። ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም። ያለ ባትሪ አይሞከርም። ባትሪው ያለ መነጽር አይለይም። መነጽሩ ጨርቁ ሳያልቅ አይወልቅም። ጨርቁ ያለ ጠፍር አይሰፋም። ጠፍሩ ያለ ላስቲክ አይቆረጥም። ላስቲኩ ባጃጁ ሳይወርድ አይወጣም። ባጃጁ ያለ ዘንግ አይወርድም። ዘንጉ ገደፋው ሳይነሣ አይነቀልም። ገደፋው ልቡ ሳይቆጠር አይነሣም። ዞሮ ዞሮ እንደ ብስክሌት ሰንሰለት ገጠመ፤ ጫፍ የለውም።

ፀሐይዋ ከሐይቁ ጫፍ ብዙም አልራቀችም። አቶ ዘለቀ ይኼኔ ክለቡ በር ላይ ቆመው መንገድ ያያሉ። ነገ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ከታች ሆና ታጨበጭባለች። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ አዲስ ስም ያወጡላታል። እንባዋን ሰው እንዳያይባት እጇን ወደ ፊቷ ስትሰድ ጣቶቿ አንገቷን ነኩ፤ ሁለቱ ጣቶች፣ ሸንኮራ ተሸካሚው ላይ የጣሏት እነዚያው።

እሷ ዳገት ላይ አይደለችም። መሪም አልያዘችም።

«እጅህን ስጠኝ» አለችው።

«ኧ?»

«እጅህን ስጠኝ አልኩ።» ይህኛውን ከመንገዱ ማዶ ያለው ይበልጣል ሳይቀር ሰማው።

ገደፋው እጁን ሰጣት። ሁለት ጣቶቿን አንጓው ላይ አሳረፈችና የጭማቂ ቤቱን የግድግዳ ሰዓት እያየች ቆጠረች። የተሰበሰበው ሰው ትንፋሹን ያዘ። የገደፋው ልብ ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ፣ እንደ ጥሩ ሰዓት ይሄዳል።

«ደህና ነው» አለች።

«አሁን ነዋ ደህና። ቆይ፣ ይመጣል።»

በዚህ መሀል ፈንታነሽ ጨርቅ ይዛ መጣች። «ይሄን ስፕሪስ ላንሣልህ ወይስ ታወርሰዋለህ?» ብላ ጠረጴዛውን ጎንበስ ብላ መጥረግ ጀመረች።

ከአትጠገብ ጣቶች ሥር የገደፋው ልብ ተነሥቶ ጋለበ።

ፈንታነሽ ብርጭቆውን ይዛ ተመለሰች። ልቡ ረገብ አለ። ፈንታነሽ «ማንኪያውን ረሳሁት» ብላ መጣች። ልቡ ጋለበ። ማንኪያውን ይዛ ሄደች። ረገበ።

አትጠገብ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለገዛ እህቷ እንኳ። ግን ፀሐይዋ እየወረደች ነው። ወደ ገደፋው ጆሮ ተጠጋችና ያየችውን ነገረችው።

ገደፋው ወደ ጭማቂ ቤቱ ውስጥ አየ፤ ወደ አንጓው አየ።

«ይሄ ነገር ሰው ይገድላል?» አላት በሹክሹክታ።

«አይመስለኝም። ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከጥላዋ ሥር መቀመጥህ አናዷታል።»

ገደፋው ተነሣ። አልወደቀም። በሁለት እጁ የሸራውን ጥግ ከፍ አድርጎ ያዘና «ፈንታነሽ» አለ፤ «ዘንጉን ለልጅቷ ስጫት። እኔ እይዝልሻለሁ።»

«አንተ? እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከፈለግሽው።»

ፈንታነሽ ከላይ እስከ ታች አየችው። «የታመመ አለ ስትል አልነበር?»

«ተሻለኝ።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ቁልቁለት ነው። ገደፋው ተነሣ፤ ዘንጉ ተነቀለ። ዘንጉ ተነቀለ፤ ባጃጁ ወረደ። ይበልጣል ባጃጁን ገፋ፤ ሳጥኑ ተከፈተ። ላስቲኩ ተቆረጠ፤ ጠፍሩ ተገጠመ። የእትዬ ጥሩዓለም መንኮራኩር ዞረ፤ ቀዩ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ተሰፋ። ጨርቁ አለቀ፤ መነጽሩ ወለቀ። «በይ፣ ነገ ከሥሩ በእግርሽ እንዳትመጪብኝ» አሉ እትዬ ጥሩዓለም ሲሰጧት። መነጽሩ ጋሽ ነጋልኝ አፍንጫ ላይ ተቀመጠ፤ ቁጥሩ ተነበበ፤ ባትሪው ተለየ። አትጠገብ ባትሪውን በጡጫዋ ጨብጣ ወደ ጋሽ አንዳርጌ ሱቅ ሮጠች፤ ሊስትሮውና ሎሚ ሻጯም ከኋላ።

ከመደርደሪያው ኋላ ገብታ ማሰሪያውን ከሸሚዟ ሥር ደረቷ ላይ አሰረች። ወጥታም መጀመሪያ ትልቋን ሞከረች። ትልቋ በራች፤ ካርታዋን ዘረጋች፤ ከዚያ የት እንዳለች መፈለግ ጀመረች። ፈለገች፣ ፈለገች።

«ባሕር ዳር ነሽ» አላት ሊስትሮው፤ አልሰማችውም።

ሁለተኛዋ ሙቀቱን ተናገረች፣ ከፍታውን ተናገረች፣ ምግቡን ተናገረች። የልቡ ቁጥር ከጥግ ላይ እንደ ጉንዳን ተጨምቆ ተቀምጧል፤ ለማንበብ የመንገዱን መነጽር ይፈልጋል።

ትንሿ በራች። ሌላ ምንም አላለችም። መሀሏ ላይ የአትጠገብ ልብ ትልቅ ሆኖ ተጻፈ፤ ከሩጫው የተነሣ ሽቅብ ወጥቶ፣ ቀስ እያለ ሲወርድ ሁሉም አየው።

«ይቺን» አለች አትጠገብ።

ጋሽ አንዳርጌ «ምን አልሽ?» አላሏትም። ሰምተዋታል።

«ካርታ የላትም እኮ» አሉ።

«መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። የማላውቀው ልቤን ነው።»

አቶ ዘለቀ ክለቡ በር ላይ ነበሩ። ፀሐይዋ ሐይቁን ነክታ ስትቀላ አትጠገብ ፊታቸው ደርሳ ፍሬኗን ያዘች። ኮምፒውተሯን አዩ፤ ቁጥሩን አዩ፤ «ለምን ዘገየሽ?» አሏት።

«ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም» ብላ ጀመረች። አቶ ዘለቀ መሀል ላይ «በቃ፣ በቃ፣ ግቢ» ብለው አስቆሟት።

በማግስቱ ውድድሩ ተጀመረ። ከዳገቱ ሥር ሌሎቹ እንደ ተባረረ ፍየል ሲፈተለኩ የአትጠገብ እግር ሊከተላቸው ፈለገ። ወደ መሪው አየች፤ ቁጥሩ መቶ ሰባ ሊነካ ነው። ጥርሷን ነክሳ ቀስ አለች፤ ዓይኗ እያየ ጥለዋት ሄዱ። ልቧን ለማብረድ የምታውቀውን ነገር በትንፋሿ ልክ ማለት ጀመረች። ልብ ቆጣሪው ሳይሞከር አይሸጥም፤ አንድ ትንፋሽ። ያለ ባትሪ አይሞከርም፤ አንድ ትንፋሽ። ባትሪው ያለ መነጽር አይለይም። መነጽሩ ጨርቁ ሳያልቅ አይወልቅም። ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ጀመረች፤ መቼም ጫፍ የለውም። ዳገቱ መሀል ላይ ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄድ አንድ ልጅ አለፈች። ቀጥሎ ሌላ። ከሰፈሯ ልጆች አንዱ ነው፤ «እግረኛዋ» ብሎ መጀመሪያ የሰየማት። ምንም አላለችውም፤ ጠፍሩ ያለ ላስቲክ አይቆረጥም ላይ ነበረች።

አላሸነፈችም። ከፊቷ የገቡ ነበሩ። ግን ቀዩ ጨርቅ ከኮረብታው አናት ላይ ሲታያት መቀመጫዋ ላይ ናት፤ እግሯ ይረግጣል፤ ልቧ ልኩን ይዟል። ከመንገዱ ዳር ሰማያዊዋ ባጃጅ ቆማለች። ገደፋው የአንዲት አነስተኛ የሸራ ጥላ ጥግ በሁለት እጁ ይዟል፤ ከሥሩ ፈንታነሽ ለተመልካቹ ጭማቂ ትሸጣለች።

«ዘንጉስ?» አለች አትጠገብ ስታልፍ፣ ትንፋሽ ተርፏት።

«ለይበልጣል መልሼለታለሁ» አለች ፈንታነሽ። «ይሄኛው ይሻለኛል።»

ያኔ ቁጥሩ መቶ ሰባን አለፈ፤ ስለሣቀች ነው። አትጠገብም ሣቋን ሳታቋርጥ፣ ፔዳሏን እየረገጠች፣ ከቀዩ ጨርቅ ሥር አለፈች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ ማበሱን ተዉትና ሰንሰለቴን ዘይት ቀቡልኝ።